ዘርን መንካት የአላህን ፍጥረት መለወጥ ነውን? የጁሙዓ ማስታወሻ ከጣና ዳር



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ማስታወሻ ከወትሮው ረዘም ይላል። ከጁሙዓ መልስ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። የመጣው ከአንዲት እህታችን ጥያቄ ነው፤ ጥያቄዋ የእርሷ ብቻ ስላልመሰለኝ በፈቃዷ፣ ስሟን ሳልጠቅስ፣ እዚህ አመጣሁት።

እህታችን እዚሁ ባሕር ዳር ባዮቴክኖሎጂ ትማራለች። ቤተሰቦቿ ፎገራ ናቸው። ለዒድ አገር ቤት ሄዳ ምሳ ከተበላ በኋላ አጎቷ "ለመሆኑ የምትማሪው ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቃት። እርሷም የእህልን ዘረመል እያነበቡ፣ ጎጂውን ቦታ ቆርጠው የተሻለ ዘር የሚያወጡበት አዲስ ዘዴ እንዳለ በደስታ ነገረችው። አጎቷ ፊቱ ተለወጠ። "የአላህን ፍጥረት መለወጥማ የሸይጧን ሥራ ነው፤ ቁርኣን ላይ አለ። ይህን ለመማር ነው እንዴ ያን ሁሉ ብር የከፈልንልሽ?" አላት። ቤቱ ጸጥ አለ።

አያቷ ከጥግ ተቀምጠው ነበር። ምንም አልተናገሩም። የሚሄዱት በሁለት ምርኩዝ ነው። ገና ወጣት ሳሉ የሰበራቸው ጓያ ነው።

እህታችን የጻፈችልኝ ይህን ነው፦ "ከዚያን ቀን ወዲህ ላብራቶሪ ስገባ ልቤ ይከብደኛል። ትምህርቴን ልተወው ወይስ ልቀጥል? የአጎቴን ቃል እፈራለሁ፤ የአያቴን እግርም አያለሁ።"

ወንድምና እህቶቼ፣ እኔ ሙፍቲ አይደለሁም። ግን ይህች እህት በቃልና በእግር መካከል ቆማለች። ዝም ብለን ልናልፋት አይገባም።

መጀመሪያ፣ ጓያን ለማታውቁት

ጓያ በፎገራና በደንቢያ ሜዳ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ጥቁሩ አፈር በያዘው እርጥበት ብቻ የሚበቅል ጥራጥሬ ነው። የፎገራ ገበሬ ሩዙ ሳይታጨድ ከሥሩ ይዘራዋል። ውኃ ቢተኛበት ይችላል። ድርቅ ቢመጣም ይችላል። ሌላው እህል ሲከዳ ጓያ አይከዳም። የክፉ ቀን እህል የሆነው ለዚህ ነው።

ግን በውስጡ ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ። አልፎ አልፎ፣ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ የሚበላውን ሰው ብዙም አይጎዳውም። ችግር መጥቶ ለሁለት ለሦስት ወር ጠዋት ማታ እርሱን ብቻ የበላ ሰው ግን አንድ ቀን ከመኝታው ሲነሣ እግሩ አልታዘዝ ሊለው ይችላል። ነርቩ ተጎድቷል፤ ጉዳቱም አይመለስም። በብዛት የሚመታው ደግሞ ገና ሮጦ የሚሠራውን ወጣት ወንድ ነው። በደንቢያና በፎገራ ይህ በሽታ በሐኪሞች ተጠንቶ የተጻፈ እውነት ነው፤ ተረት አይደለም።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች የተሰበሩት በስንፍና አይደለም። ሌላ የሚበሉት ስላጡ ነው። ጓያ ድሃን መርጦ የሚሰብር እህል ነው።

ተመራማሪዎች ይህን ለመለወጥ ብዙ ደክመዋል። መርዙ ያነሰ፣ ዋሴ የተባለ የጓያ ዝርያ በማዳቀል ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2006 አገራችን ውስጥ ተለቋል። ችግሩ የመርዙ መጠን እንደ አፈሩና እንደ ድርቁ ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ሳይንቲስቶች የጓያን ዘረመል አንብበው ተክሉ መርዙን የሚሠራበትን መንገድ አሳተሙ። አሁን የሚጠየቀው ጥያቄ፦ ያንን መንገድ ከሥሩ ብንቆርጠውስ? የሚል ነው። በዚህ መንገድ የተሠራ ጓያ ገበሬ እጅ ገና አልደረሰም። ጥያቄው ግን ደርሷል።

ይህ አዲስ ዘዴ ምንድን ነው?

ሰው ዘር መምረጥ የጀመረው ዛሬ አይደለም። እናቶቻችን ከአውድማው ላይ ደህና ደህናውን የዳጉሳ ራስ ለይተው ለዘር ሲያስቀምጡ ይህንኑ ሥራ እየሠሩ ነው። ቀጥሎ ማዳቀል መጣ። የጤፍ አበባ በጣም ትንሽ ስለሆነች ጤፍን ማዳቀል አይቻልም ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ታረቀ በርሄ አበባዋ ማለዳ ላይ ለአጭር ጊዜ እንደምትከፈት ደረሱበት፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ዝርያ በእጅ ማዳቀል ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ቁንጮ ጤፍ የዚያ መንገድ ፍሬ ነው። ዛሬ እንጀራውን ስንበላ ማንም "ፍጥረት ተለወጠ" አይልም።

ሌላው መንገድ ከሌላ ፍጥረት ዘረመል አምጥቶ ተክል ውስጥ ማስገባት ነው። ልውጠ ሕያው የሚባለው ይህ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 የፈቀደችው ቢቲ ጥጥ ከአፈር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረመል የገባበት ነው።

የእህታችን ትምህርት ሦስተኛው ነው። ክሪስፐር ይባላል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ2012 ታወቀ፤ ኤማኑኤል ሻርፓንቲየና ጄኒፈር ዳውድና የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶችም እ.ኤ.አ. በ2020 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አገኙበት። ገበያ ውስጥ ያለን ልብስ ሰፊ አስቡ። ረጅሙን ጨርቅ ዘርግቶ፣ ምልክት ያደረገባትን አንዲት ክር ፈልጎ በመቀስ ይቆርጣታል። ክሪስፐር እንደዚያ መቀስ ነው፤ ከተቆረጠ በኋላ የሚጠግነው ተክሉ ራሱ ነው። ሲጠግን ቦታዋ ትንሽ ትለወጣለች፤ ያ ዘረመል ሥራውን ያቆማል። ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ዘር ውስጥ የውጭ ዘረመል አይቀርም።

የእኛው ጤፍ በዚህ ተሞክሯል። ጤፍ ቁመቱ ረጅም፣ አገዳው ቀጭን ነው። ፍሬ ሲይዝ፣ ነፋስና ዝናብ ሲመታው ይጋሽባል። የጋሸበ ጤፍ የገበሬ ዓመት ሙሉ ድካም መሬት ላይ ተኛ ማለት ነው። አሜሪካ የሚገኘው የዳንፎርዝ የዕፅዋት ሳይንስ ማዕከል ከኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ኮርቴቫ ከተባለ ኩባንያ ጋር ሆኖ የጤፍን ቁመት የሚያስረዝም ዘረመል በዚህ መቀስ ቆረጠ። ጤፍ ከዚህ ዘረመል አራት ቅጂ ስላለው አራቱንም መንካት ነበረባቸው። ያገኙት አጠር ያለ፣ የማይጋሽብ ጤፍ ነው፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ2022 አሳተሙ። የሚገርመው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ፊሊፒንስ ውስጥ የወጣውን ታዋቂውን አጭር ሩዝ ያሳጠረው የዚሁ ዘረመል ለውጥ ነው። ያ ለውጥ ግን በመቀስ አልመጣም፤ አላህ በፈጠረው ሩዝ ውስጥ በራሱ የነበረ ነው።

ታዲያ ይህ የአላህን ፍጥረት መለወጥ ነው?

አጎቷ የጠቀሱት አንቀጽ እውነት ነው፤ ሱረቱ ኒሳእ 119 ላይ ይገኛል። ሸይጧን የአደምን ልጆች እንደሚያሳስት፣ የከብቶችን ጆሮ እንደሚያስቆርጣቸው፣ የአላህንም ፍጥረት እንደሚያስለውጣቸው ሲዝት አላህ ይነግረናል። አጎቷን አናቃልላቸው። ቁርኣንን ፈርቶ የተናገረ ሰው ክብር ይገባዋል።

ግን አንቀጹ የወረደበትን ነገር እንይ። ሙሽሪኮች ለጣዖት የተሰጠ ከብት መሆኑን ለማሳየት ጆሮውን ይቆርጡ ነበር፤ አላህ የፈቀደውንም በራሳቸው ሥልጣን ሐራም ያደርጉ ነበር። እንደ ጠበሪ ያሉ ታላላቅ ሙፈሲሮች እዚህ ላይ "የአላህ ፍጥረት" የተባለው የአላህ ዲን ነው የሚለውን ትርጉም መርጠዋል። ሌሎች ደግሞ አካልን ያለ ምክንያት ማበላሸትን ይጨምሩበታል። በሁለቱም በኩል ብናየው፣ ለሰው ጥቅም ብሎ ዘር ማሻሻል ያ ነው ብሎ ለመቁረጥ ያስቸግራል።

ከዚህ በላይ ደግሞ የተምሩ ታሪክ አለን። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሰዎች የወንዱን የተምር አበባ ወስደው በሴቷ ላይ ሲያደርጉ አዩ። ይህ የሚጠቅም እንዳልመሰላቸው ተናገሩ። ሰዎቹም ተዉት። በዚያ ዓመት ፍሬው ተበላሸ። ነገሩ ሲነገራቸው፣ እርሳቸው ሰው መሆናቸውን፣ በዲን ጉዳይ ያዘዙትን እንዲይዙ፣ የዱንያቸውን ጉዳይ ግን እነርሱ የበለጠ እንደሚያውቁ ነገሯቸው። ዘገባው ሶሒሕ ሙስሊም ውስጥ ነው።

ሱብሓነላህ! የአላህ መልእክተኛ የእርሻን ዕውቀት ለገበሬው መለሱለት። እኛ ታዲያ አንድ ነገር አዲስ ስለሆነ ብቻ ሐራም ለማለት ለምን እንቸኩላለን? በመካ የሚገኘው የዓለም ሙስሊሞች ሊግ የፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1998 በ15ኛው ጉባኤው ይህን ተመልክቷል። በእርሻና በእንስሳት እርባታ የዘረመል ምሕንድስናን መጠቀም እንደሚፈቀድ ወሰነ፤ ግን በሰው፣ በእንስሳና በአካባቢ ላይ ጉዳት፣ ዘግይቶ የሚመጣም ቢሆን፣ እንዳይደርስ ጥንቃቄ ሁሉ እንዲደረግ አሰረው። ኩባንያዎችም የሚሸጡት ምርት ከምን እንደተሠራ ለሰው እንዲያሳውቁ ጠየቀ።

ፈቃዱም ማሰሪያውም አብረው መጡ። አንዳንዶቻችን ፈቃዱን ብቻ እንሰማለን፤ አንዳንዶቻችን ማሰሪያውን ብቻ። እህቴ ሆይ፣ የጥያቄሽ መልስ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ነው።

ጣና ያስተማረን

ማሰሪያው ለምን እንደሚያስፈልግ እኛ የባሕር ዳር ልጆች ከማንም በላይ እናውቃለን። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፤ አበባው ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ መኖሩ ታወቀ። ከዚያ በኋላ ያየነውን አይተናል። ከየአገሩ ወጣት እየመጣ፣ ጭቃ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ በእጁ ነቀለ። ነቅለን ስንመለስ ተመልሶ በቀለ። የዓሣ አጥማጁ መረብ፣ የደንገሉ ታንኳ፣ የከብቱ መጠጫ ሁሉ ተነካ።

ፍትሐዊ እንሁን፤ በዘረመል መቀስ የተነካ ጤፍ እምቦጭ አይደለም። ጤፍ ሰው ካልዘራው ሐይቅ አይሸፍንም። ግን እምቦጭ አንድ ነገር አስተምሮናል፦ ሕይወት ያለው ነገር አንዴ ከእጅ ከወጣ እንደ ዕቃ ተመላሽ አይሆንም። ስለዚህ የሚጠየቀው ከመዘራቱ በፊት ነው።

አላህ ሱረቱ ራሕማን ላይ ሰማይን ከፍ እንዳደረገ፣ ሚዛንንም እንዳኖረ፣ እኛም በሚዛኑ እንዳንበድል ይነግረናል። ሕግ ማለት ይህ ሚዛን ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ ሦስት ጥያቄ ሚዛኑ ላይ አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፦ ጉዳቱን ማን አየው?

መጉዳትም መልሶ መጎዳዳትም የለም የሚለው የነብያችን ትምህርት የፊቅህ ሁሉ ምሰሶ ነው። የጓያውን መርዝ ብናጠፋ ተክሉ ድርቁን መቻሉን ይቀጥላል? ወይስ የክፉ ቀን እህልነቱ አብሮ ይጠፋል? መቀሱ ያልታሰበ ሌላ ቦታ ቆርጦ ይሆን? ይህ በግምት አይመለስም፤ በማሳ ላይ፣ በየዓመቱ ታይቶ ነው።

ጉዳት ደግሞ ላብራቶሪ ውስጥ ብቻ አይታይም። ጤፉ ሲያጥር ጭዱስ? ጭድ ለበሬው ቀለብ ነው፤ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ የቤት ግድግዳ የሚመረገው በእርሱ ነው። ይህን የሚያውቀው ሳይንቲስቱ ብቻ አይደለም፤ ገበሬው ነው። በተምሩ ታሪክ ማን እንደተጠየቀ አስታውሱ። ሕጉ ገበሬውን የሚጠይቅ ካልሆነ ግማሽ ሕግ ነው።

ሁለተኛ፦ የሚገዛው ሰው ያውቃል?

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ሲዞሩ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገቡ፤ ውስጡ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ሻጩ ዝናብ እንደመታው ተናገረ። ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ ያታለለም ከእኛ እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። ልብ በሉ፤ እርጥቡን እህል "አትሽጥ" አላሉትም። "አትደብቅ" ነው ያሉት።

እዚህ ላይ አዲሱ ዘዴ ከባድ ፈተና ያመጣል። የገባ የውጭ ዘረመል በምርመራ ይገኛል። በመቀስ የመጣች ትንሽ ለውጥ ግን በተፈጥሮ ከመጣው ለውጥ ጋር ተመሳስላ በምርመራ ለመለየት የምታስቸግርበት ጊዜ አለ። እጅህን ክምሩ ውስጥ ብታስገባም እርጥበቱ አይሰማህም! ያኔ የቀረው የሠራው ሰው አማና ብቻ ነው፤ ምን እንደሠራ መመዝገብና መናገር አለበት። ስለዚህ ቢያንስ በግልጽ መዝገብ የሚያስይዝ ሕግ ያስፈልጋል እላለሁ።

ሦስተኛ፦ ዘሩ የማን ነው?

ይህ ጥያቄ ለእኛ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር በጤፍ ላይ የጥቅም ተጋሪነት ውል ገባች። በሌላ በኩል ኩባንያው በጤፍ ዱቄት ዝግጅት ላይ አውሮፓ ውስጥ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። እኛ ከውሉ ይህ ነው የሚባል ጥቅም ሳናገኝ ኩባንያው ከሰረ፤ መብቱ ግን በሌሎች እጅ ቆየ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ ሻረው። እናቶቻችን ለዘመናት ሲያቦኩት የኖሩትን እህል!

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎች በሦስት ነገር ተጋሪ መሆናቸውን አስተምረዋል፤ በውኃ፣ በግጦሽና በእሳት። ዑለማዎች የጋራ የሆነውን የሕዝብ ጥቅም ለአንድ ሰው ማጠርን ሲከለክሉ ወደዚህ ይመለሳሉ። ተመራማሪ የልፋቱን ቢያገኝ ሐቁ ነው። ግን የፎገራው ገበሬ ከራሱ ጎተራ ዘር አውጥቶ ቢዘራ "ሰረቅህ" የሚባልበት ቀን እንዳይመጣ ሕጉ አስቀድሞ መናገር አለበት። የዘረመል ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482 ከ1998 ዓ.ም ጀምሮ አለን። አዲሱ ዘዴ በዚህ አዋጅ ዓይንም መታየት አለበት።

በሩን መዝጋትም ጉዳት ነው

"ታዲያ ይህ ሁሉ ጣጣ ካለው ጭራሽ ይከልከል!" የሚል ይኖራል። ቆይ ወንድሜ።

ዓለም በዚህ ጉዳይ ተለያይቷል። አርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ2015፣ የውጭ ዘረመል የሌለበትን ዘር አንድ በአንድ እያየች ከልውጠ ሕያው ሕግ ውጭ የምታደርግበትን ደንብ አወጣች። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 በመቀስ የተነካውም ልውጠ ሕያው ነው ብሎ ፈረደ፤ የኅብረቱ ኮሚሽን ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ሕጉን ለማላላት ሐሳብ አቀረበ። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2022 የራሷን መመሪያ አወጣች፤ አቀንጭራ የማያጠቃውን ማሽላ በዚህ ዘዴ ለማግኘት የሚሠሩ ተመራማሪዎችም አሏት። አቀንጭራ የእኛንም ማሽላ ስንት ጊዜ እንደበላ ገበሬ ይነግራችኋል።

እኛ ጋ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655 በ2001 ዓ.ም ወጣ። ከጀርባው እንደ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የጸደቀው የካርታኼና ስምምነት ሲደረደር አፍሪካን ወክለው የተከራከሩ ኢትዮጵያዊ ናቸው። አዋጁ ጥብቅ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 896 ተሻሽሎ ላላ ተደረገ። ግን ሲጻፍ ክሪስፐር ገና አልታወቀም ነበር። ስለዚህ የውጭ ዘረመል የሌለው ዘር በዚህ ሕግ ይገዛል ወይስ አይገዛም የሚለው በግልጽ መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው።

ሕጉ ከመጠን በላይ ቢከብድ ማን ይጎዳል? ብዙ ገንዘብና ጠበቃ ያለው ትልቅ ኩባንያ ያልፋል። አዴት ወይም ወረታ ባለው የምርምር ማዕከል ተቀምጦ ለጓያና ለዳጉሳ የሚለፋው የመንግሥት ተመራማሪ ግን በሩ ላይ ይቀራል። ለኩባንያ ትርፍ የሌለው ጓያ ማንም ሳይነካው ይኖራል። የሚቀጥለው ክፉ ቀን ሲመጣም ሌላ ወጣት ምርኩዝ ይይዛል። መዘግየት ባለቤት የሌለው ነገር አይደለም፤ ዋጋውን የሚከፍል ሰው አለው። የእህታችን አያት ከፍለውታል።

የገበያው ሐዲስ መንገዱን ያሳየናል። ነብያችን ገበያውን አልዘጉትም፤ ሳያዩም አላለፉትም። ክምሩን በእጃቸው አዩ። እኔ የምመኘው ሕግ እንዲህ ያለ ነው፦ አንዲት ክር ብቻ የተቆረጠችበትን ዘር የውጭ ዘረመል ከገባበት ጋር በአንድ ሸክም አያሸክመው፤ ግን ሳያየው፣ ሳይመዘግበውና ገበሬውን ሳይጠይቅ አያሳልፈው።

እኛስ ዛሬ ምን እናድርግ?

ወንድምና እህቶቼ፣ ሕግ የሚያወጣው ሌላ ነው። የእኛ ድርሻ ግን ባዶ አይደለም።

አንድ፦ ያላረጋገጥነውን አናሰራጭ። "ጤፋችን ተመረዘ" የሚል ድምፅ ሲደርሰን ከማስተላለፋችን በፊት የሱረቱል ሑጁራትን ትእዛዝ እናስታውስ፤ ወሬ ሲመጣ አጣሩ ተብለናል። "ምንም ችግር የለውም" የሚለውም ወሬ ይጣራ!

ሁለት፦ ነጋዴ የሆናችሁ፣ የቤተሰብ ወፍጮ ያላችሁ፣ ጓያን ከአተርና ከሽምብራ ቀላቅሎ "ንጹሕ ሽሮ" ብሎ መሸጥ ያ የእርጥቡ ክምር ሐዲስ ራሱ ነው። ስለ ክሪስፐር ከመጨነቃችን በፊት ከቤታችን ያለውን ማታለል እናቁም።

ሦስት፦ አባት እናቶቻችን ገበሬ ከሆኑ ስለ ዘሩ እንጠይቃቸው። የትኛው ይጋሽባል? የትኛው ጭድ ይሰጣል? ለምን ይህን ትወዳላችሁ? ይህ ዕውቀት ከእነርሱ ጋር ወደ ቀብር እንዳይወርድ እንጻፈው።

አራት፦ ምርቱ ሲበዛ በዝናብ ከበቀለው አንድ አሥረኛው የዘካ ሐቅ መሆኑን አንርሳ። የማይጋሽብ ጤፍ የድሃውንም ድርሻ ያበዛል፤ ባለቤቱ ካወጣው።

አምስት፦ ለተማሪዎቻችን ዱዓ እናድርግ፤ ቃላችንንም እናለስልስ። አንድ የቸኮለ ቃል አንዲት ልጅን ከዒልም ሊያርቃት ይችላል።

እህቴ ሆይ

ትምህርትሽን አትተዪ። ኒያሽን ግን በየቀኑ አድሺ። ዘር ዘርቶ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ የበላለት ሰው ሶደቃ እንደሚጻፍለት ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። የሚሰብረውን ጓያ የማይሰብር ለማድረግ የለፋ ሰው ምንዳ አላህ ዘንድ ምን ያህል ይሆን!

ግን ላብራቶሪው በር ላይ አንድ አንቀጽ ይዘሽ ግቢ። አላህ ሱረቱል ዋቂዓ ላይ ስለምንዘራው ይጠይቀናል፤ የምታበቅሉት እናንተ ናችሁ ወይስ እኛ? ይለናል። መቀሱ የሰው ነው። ቁስሉን የሚጠግነው ሕይወት ግን የአላህ ነው። ይህን የረሳ ሳይንቲስት ይኮራል፤ የኮራም አይጠይቅም፤ ያልጠየቀም ይጎዳል። የአጎትሽ ፍርሃት እዚህ ላይ ይጠቅምሻል፤ አትጣዪው።

ይህን ጽፌ ከመለጠፌ በፊት ለእህታችን አስነበብኳት። እርሷም ለአጎቷ ደውላ የተምሩን ታሪክ ነገረችው። ረጅም ጊዜ ዝም አለ አለች። ከዚያ "እንግዲያው አጭር ጤፍ ስታመጡ መጀመሪያ ጭዱን ለእኔ በሬ አስቀምሱት፤ እርሱ ከበላው እናወራለን" አላት። አያቷም ስልኩን ተቀብለው "ቶሎ በይ ልጄ" አሏት።

አጎት "ፈትኑ" አለ፤ አያት "ፍጠኑ" አሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። አላህ ሁለቱን የሚሰማ ሕግ፣ ሁለቱን የሚሰማ ዑለማእ፣ ሁለቱን የሚሰማ ተማሪ ይስጠን።

ያ አላህ! ጣናችንን ጠብቅልን፣ ማሳችንን ባርክልን። የሚጠቅመንን ዒልም ስጠን፤ ከማይጠቅም ዒልም ጠብቀን። በረሃብ ምክንያት ለተሰበሩት ወገኖቻችን ምንዳቸውን አብዛላቸው። በሚዛንህ ላይ ከሚበድሉት አታድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። በጁሙዓ ቀን በነብያችን ላይ ሶለዋት ማብዛታችንን አንርሳ። ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልን፤ ለወንድምና እህቶቻችሁም አካፍሉ።